ዕቃ ሳይገዙ ኦንላይን መሸጥ፦ ድሮፕሺፒንግ አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይሰራል

ድሮፕሺፒንግ ሲባል ነገሩ ቀላል ነው፣ ዕቃ ገዝታችሁ አታከማቹም፣ አቅራቢው ጋ ያለውን ዕቃ ፖስት አርጋችሁ ትሸጣላችሁ፣ ደንበኛ ሲያዝ ዕቃው ከአቅራቢው ወጥቶ ለደንበኛው ይደርሳል፣ በሁለቱ ዋጋ መሀል ያለው ልዩነት የናንተ ነው። የሱቅ ኪራይ የለም፣ መጋዘን የለም፣ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ስልክና ኢንተርኔት ያለው ሰው ሊጀምረው ይችላል።

ግን አንድ ነገር ከጅምሩ ልናገር፣ ይሄ ስራ አዲስ አበባ ላይ የሚያዋጣው አቅራቢያችሁ ተነስታችሁ የምትሄዱበት ቦታ ሲሆን ነው። እጃችሁ ላይ የሌለ ዕቃ እየሸጣችሁ ስለሆነ ደንበኛው የሚያምነው ቃላችሁን ብቻ ነው፣ ቃላችሁን ደሞ መጠበቅ የምትችሉት ዕቃው አለ የለም የሚለውን በ10 ደቂቃ ውስጥ ማረጋገጥ ስትችሉ ነው። ከዚ በታች የምፅፈው በሙሉ እዚ ላይ ነው የቆመው። ብዙ ልጆች ያጠራቀሟትን ብር ኮርስ ላይ ጨርሰው አንድ ዕቃ እንኳን ሳይሸጡ ሲቀሩ ማየት ስለሚያመኝ ነው ቁጭ ብዬ በዝርዝር የፃፍኩት።

የውጭውን ለጊዜው ተዉት

ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛው የውጭው ሞዴል ነው፣ ሾፒፋይ በሚባለው የኦንላይን ሱቅ መክፈቻ ላይ ስቶር ክፈቱ፣ አሊኤክስፕረስ ከሚባለው የቻይና ኦንላይን ገበያ ዕቃ ምረጡ፣ አሜሪካ ላለ ሰው ሽጡ ምናምን። ሀሳቡ ችግር የለበትም፣ ችግሩ እዚ ሜክሲኮ ወይ ስታዲየም ቁጭ ብሎ የሚሰራ ሰው ብሩን የሚቀበልበት መንገድ ላይ ነው። የካርድ ክፍያ የሚቀበልላችሁ ስትራይፕ ኢትዮጵያን አይደግፍም፣ የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ ሲስተምም እንደዛው፣ ፔይፓል ደሞ በኢትዮጵያ አካውንት መክፈል እንጂ መቀበል አያስችልም። በሌላ አገር ሰው ስም አካውንት አከራያችኋለው የሚሉ አሉ፣ አትንኩት፣ አካውንቱ አንድ ቀን መታወቂያ አሳዩ ብሎ ሲዘጋ የደንበኛው ብር እዛው ታግቶ ይቀራል፣ ዕቃውን የመላኩ ግዴታ ግን የናንተው ነው።

ሌላው፣ ሂሳቡም ተቀይሯል። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለቀረጥ ታስገባ የነበረውን በፈረንጆቹ 2025 ግንቦት ላይ ለቻይና ዕቃ፣ በነሐሴ መጨረሻ ደሞ ለሁሉም አገር አቁማለች። አውሮፓ ህብረት ከ22 ዩሮ በታች ላለ ዕቃ የነበረውን ከቫት ነፃ መብት በ2021 ነው ያነሳው። ስለዚ የምታዩት ቪዲዮ ከዛ በፊት የተሰራ ከሆነ የሚያሳያችሁ ትርፍ ዛሬ የለም። ኦበርሎን ተጠቀሙ የሚል ቪዲዮ ካጋጠማችሁ ደሞ ዝጉት፣ ኦበርሎ ማለት የአሊኤክስፕረስን ዕቃ ሾፒፋይ ስቶር ላይ የሚያስገባ አፕ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2022 ተዘግቷል። ውጭ አገር በህጋዊ መንገድ የተመዘገበ ቢዝነስ ያለው ወንድም ወይ እህት ካላችሁና አብራችሁ ከሰራችሁ ሌላ ጨዋታ ነው፣ የሌላችሁ ግን አገር ቤት ጀምሩ። ገበያው እዚሁ አለ።

ደረጃ 1፣ ዕቃ መምረጥ

ሰው ሁሉ የሚሸጠውን ጫማና ልብስ ይዞ መነሳት ያምራችኋል፣ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ቁጥር አለው፣ ጠበበኝ ሰፋኝ አለው፣ ከለሩ ፎቶው ላይ ካለው ይለያል አለው፣ እያንዳንዷ ንትርክ ደሞ ዕቃውን ለሚያመላልሰው ሞተረኛ የምትከፍሉት ሂሳብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻለው ቁጥር የሌለው፣ በቀላሉ የማይሰበር፣ ሞተር ላይ የሚጫን፣ ምን እንደሚሰራ በ15 ሴኮንድ ቪዲዮ ማሳየት የሚቻል ዕቃ ነው። የወጥ ቤት ዕቃዎች፣ የመኪና ውስጥ ዕቃዎች፣ የልጆች መማሪያ ነገሮች፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግሉ ቻርጅ የሚደረጉ መብራቶች፣ እንደዚ አይነት።

ዋጋውም መሀል ላይ ይሁን። በጣም ርካሽ ዕቃ ከሆነ የዴሊቨሪው ዋጋ ከዕቃው ጋር እኩል ይመጣና ደንበኛው «ከሰፈሬ ሱቅ ባገኝስ» ይላል፣ በጣም ውድ ከሆነ ደሞ ሰው ሱቅ ሄዶ ነክቶ ካላየ አይገዛም፣ እሱም እውነቱን ነው።

የማትነኩትን ልንገራችሁ። ማክሲያ ክኒን፣ ማቅሊያ ክሬም፣ ሰፕሊመንት፣ መድሀኒት ነክ ነገር በሙሉ ይቅርባችሁ። እነዚህን የሚቆጣጠር መንግስት መስሪያ ቤት አለ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማለት ነው፣ ከህጉ በላይ ግን የሰው ፊትና ሆድ ላይ የሚሆነውን ነገር ሳታውቁት መሸጥ ነውር ነው። ኮፒ የሆነውን ብራንድ ኦርጅናል ነው ብሎ መሸጥም እንደዛው። ኮፒ ከሆነ ኮፒ ነው በሉ፣ ዋጋው ተመጣጣኝ ከሆነ ይገዛል።

ኤሌክትሪክ የሚሰራ ዕቃ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ፣ ቮልቱና ሶኬቱ። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው፣ ዕቃው ላይ 110 ብቻ ተብሎ ከተፃፈ ሲሰካ ይቃጠላል። ሶኬቱ ደሞ ሁለት ጠፍጣፋ እግር ያለው ከሆነ እኛ ግድግዳ ላይ አይገባም፣ ማዟዟሪያ (አዳፕተር) ይፈልጋል፣ ስለዚ ወይ ማዟዟሪያውን አብራችሁ ስጡ ወይ ፖስታችሁ ላይ ጫፉን በፎቶ አሳዩ። ሰው ቤቱ ወስዶ ሳይሰካለት ሲቀር የሚሰድበው እናንተን ነው፣ አስመጪውን አያውቀውም።

የሚፈለግ ዕቃ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ብዙ ተከታይ ያላቸው የቴሌግራም የሽያጭ ቻናሎች ውስጥ ግቡና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አንድ ዕቃ ሳምንት አልፎ ሳምንት ደጋግመው ፖስት ካረጉት እየተሸጠላቸው ነው ማለት ነው፣ አንዴ ተለጥፎ የጠፋው ደሞ አልሄደም። ቲክቶክ ላይ ኮመንቱን አንብቡ፣ «ስንት ነው» «የት ነው አድራሻው» የሚለው ብዙ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ወቅቱንም አስቡ፣ መስከረም የትምህርት ዕቃ ነው፣ ጥር ሰርግ ነው፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት የወጥ ቤት ዕቃ ይሄዳል።

ደረጃ 2፣ አቅራቢ ማግኘት (እዚ ላይ አትቸኩሉ)

የስራው ግማሽ እዚ ነው። መሀል ከተማ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው፣ ከሜክሲኮ ባቡር ይዞ ልደታን አብነትን አልፎ ሰባተኛ ወይ አውቶቡስ ተራ ቢወርድ መርካቶ ገባ ማለት ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ግን በጣም ጠዋት አይሁን፣ ነጋዴው ሱቁን ከፍቶ የመጀመሪያ ገበያውን ሳያይ ወሬ መስማት አይፈልግም። እሁድ አብዛኛው ዝግ ነው፣ አርብ ደሞ ለጁምዓ የሚዘጉ ብዙ ስለሆኑ ምሳ ሰዓት ላይ ኦርደር ይዛችሁ እንዳትቆሙ።

መጀመሪያ ቀን ዞር ዞር በሉና አንድ አይነት ዕቃ ቢያንስ አራት አምስት ሱቅ ላይ ዋጋ ጠይቁ። ስልክ አውጥታችሁ ዝም ብላችሁ ፎቶ አታንሱ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ካልሆነ ያባርሯችኋል ልክም ናቸው። ከዛ የሚታመን የመሰላችሁን ነጋዴ ምረጡና ግልፅ ሆናችሁ አውሩት። ንግግሩ በግምት እንዲ ነው የሚሄደው፦

«ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ ገበያ እንዴት ነው?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ምን ልስጥህ?»

«ይቺን ሚዛን ለዛሬ አንድ ነው የምወስደው። የምሸጠው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ሰው ሲያዘኝ እየደወልኩ ላነሳ ነው ያሰብኩት፣ ከችርቻሮ ዝቅ ያለ ቁርጥ ዋጋ ቢነግሩኝ።»

«በሳምንት ስንት ታነሳለህ?»

«እሱን አሁን ቃል ልገባልዎት አልችልም፣ አምስትም ልትሆን ትችላለች አስርም። ግን ዱቤ አልጠይቅም፣ ሳነሳ ሂሳቡን እከፍላለሁ።»

እዚ ንግግር ውስጥ ዋናዋ የመጨረሻዋ ናት። ነጋዴው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፣ ዱቤ እና ጊዜውን የሚያባክን ሰው። በሳምንት 100 አነሳለው ብላችሁ አትዋሹ፣ ስንት ሰው እንደዛ ብሎት ሄዶ ስለቀረ ያውቃል። ዱቤ አልፈልግም ሲባል ግን ጆሮውን ይሰጣችኋል።

ከተግባባችሁ ሶስት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ ዋጋ ከመጨመሩ በፊት እንዲነግራችሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አዲስ ጭነት በገባ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፣ እናንተ በድሮው ዋጋ ፖስት አርጋችሁ ኦርደር ተቀብላችሁ ሱቅ ስትደርሱ ጨምሯል ብትባሉ ኪሳራው የናንተ ነው። ሁለተኛ፣ አለ ካለ ይኑር፣ ሊያልቅ ሲል «ሶስት ቀርታለች» ብሎ ይንገራችሁ። ሶስተኛ፣ ደንበኛ ሳይቀበል የመለሰውን ያልተነካ ዕቃ በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ እንዲቀበላችሁ ወይ በሌላ እንዲቀይርላችሁ። ይሄን ሶስተኛውን ብዙ ነጋዴ ወዲያው እሺ አይልም፣ ጥቂት ሳምንት በካሽ ከሰራችሁ በኋላ ግን ይስማማል። እሱን የማይቀበል ከሆነ ሌላ ፈልጉ፣ ለምን እንደሆነ ሂሳቡ ላይ ታዩታላችሁ።

ሌላ ሱቅም ያዙ፣ ማለቴ ለአንድ ዕቃ ሁለት አቅራቢ ይኑራችሁ። አንዱ ጋ ሲያልቅ ደንበኛውን «ይቅርታ» ከማለት ሌላው ጋ ትደውላላችሁ።

ዕቃውን ገዝታችሁ ቤት ውሰዱና ተጠቀሙበት። አዎ በራሳችሁ ብር፣ አንዷን። ካርቶኑ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ቁጠሩ፣ ባትሪ አብሮ አለው ወይ፣ ቻርጁ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ሲታጠብ ይለቃል ወይ፣ ክዳኑ ይገጥማል ወይ። ደንበኛ የሚጠይቃችሁን ጥያቄ በሙሉ መመለስ የምትችሉት እንዲ ስታረጉ ብቻ ነው፣ ፎቶና ቪዲዮውንም ከዚችው አንዷ ዕቃ ታነሱታላችሁ። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ሁሉም ሰው ጋ ስላለ ማንም አያምነውም።

ደረጃ 3፣ ዋጋ

እዚ ጋ ወረቀትና እስክሪቢቶ ያዙ። ለምሳሌ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ከነጋዴው በ900 ብር ታነሳላችሁ እንበል፣ በ1,300 ትሸጣላችሁ፣ ዴሊቨሪውን ደንበኛው ይከፍላል። ሰው ወዲያው «400 ብር አተረፍኩ» ይላል። ቆይ፣ እንቁጠር።

ትልቅ ቻናል ላይ በ1,500 ብር ማስታወቂያ አሰራችሁና 15 ኦርደር መጣ እንበል። ከ15ቱ 3ቱ ሞተረኛው ደጅ ሲደርስ ስልክ አያነሱም ወይ «ሀሳቤን ቀየርኩ» ይላሉ፣ የነሱ ሞተር ደርሶ መልስ 250 ብር በሉት፣ 750 ብር ከኪሳችሁ ወጣ። ማሸጊያ ለ15ቱ በ20 ብር 300። ስልክና ዳታ 150። የሸጣችሁት 12 ነው፣ በ400 ሲባዛ 4,800 ብር። ከዛ ላይ 1,500፣ 750፣ 300 እና 150 ሲቀነስ 2,100 ብር ይቀራል፣ ማለት በአንድ ዕቃ 175 ብር። 400 የነበረው 175 ሆነ።

አሁን ደሞ ነጋዴው ሶስቱን ተመላሽ አልቀበልም ቢል? 3 ሲባዛ በ900፣ 2,700 ብር እጃችሁ ላይ ታስሯል፣ ካተረፋችሁት በላይ ነው። ለዛ ነው ሶስተኛው ስምምነት ላይ ያጠበቅኩት።

ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፣ የናንተን አስገቡበት፣ ግን መስመሮቹን እንዳትዘሉ። ኦርደር ከመቀበላችሁ በፊት ከመቶ ስንቱ እንደሚመለስ ገምቱ፣ ከወር በኋላ ግምቱን ትታችሁ ከመዝገባችሁ ታወጡታላችሁ። መዝገብ ስል ጎግል ሺት ወይ ደብተር፣ ቀን፣ ዕቃ፣ የገዛንበት፣ የሸጥንበት፣ ሰፈር፣ ሞተር፣ ደረሰ ወይስ ተመለሰ፣ ይሄ በቂ ነው።

ደረጃ 4፣ ቻናሉን መክፈት

ሱቃችሁ ቴሌግራም ይሁን፣ ቲክቶክ ደሞ ሰው የሚጠራላችሁ ይሁን። ቲክቶክ ላይ ያየው ሰው ፕሮፋይላችሁ ላይ የቻናሉን ስም አግኝቶ ይመጣል፣ እዛ ያዛል።

የቻናሉ ስም አጭር፣ በአፍ ሲነገር የሚያዝ ይሁን። ከላይ ፒን የሚደረገው ፖስት ላይ እነዚ ይኑሩበት፦ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ ክፍያ፣ ዴሊቨሪ በየሰፈሩ ስንት እንደሆነ፣ መመለስ ይቻላል አይቻልም፣ ስልክ። ዋጋ ሁሌ ፃፉ! «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለውን ነገር ሰው ሰልችቶታል፣ እኔ ራሴ እንደዛ ካየሁ አልፌ ነው የምሄደው።

የፖስት ናሙና፦

የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን
እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ በግራም
ቤታችሁ ኬክና ዳቦ ለምትጋግሩ፣ ቅመም ለምታዘጋጁ
ባትሪው አብሮ አለ
ዋጋ 1,300 ብር
ዴሊቨሪ፦ ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ ልደታ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ 200 ብር፣ ሌላ ሰፈር ጠይቁን
ከፍታችሁ ሞክራችሁ ትከፍላላችሁ
ዋጋው እስከ ቅዳሜ ነው የሚሰራው

የመጨረሻዋን መስመር አትርሱ፣ ከወር በፊት የተለጠፈ ፖስት ፎርዋርድ አርጎ «በዚ ዋጋ አምጡ» የሚል ደንበኛ ይመጣል።

«ከፍታችሁ ሞክራችሁ ትከፍላላችሁ» የሚለው ሽያጭ ከሚጨምሩት ነገሮች አንደኛው ነው በኔ እምነት። ሰው ስንቴ ተታሏል፣ ፎቶው ሌላ የመጣለት ሌላ። እናንተ ዕቃውን ቤታችሁ ሞክራችሁት ከሆነ የምትፈሩት ነገር የለም።

ቪዲዮ ስትሰሩ መብራት ያለበት ቦታ፣ በመስኮት በኩል፣ ጠረጴዛ ላይ። ሚዛኑን ከሆነ የምትሸጡት ዜሮ ሲል አሳዩ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ከነፌስታሉ አስቀምጡበትና ቁጥሩ ሲወጣ በቅርብ አሳዩ፣ በቃ። የውጭ ዘፈን ጭኖ ፊልም ማስመሰል አያስፈልግም። በአማርኛ በድምፃችሁ አውሩ፣ ሰው ድምፅ ሲሰማ ከጀርባው ሰው እንዳለ ያምናል። ቴሌግራም ላይ ፖስቶችን ሰዓት ሞልቶ ማስቀመጥ ስለሚቻል ማታ ቁጭ ብላችሁ የነገውን አዘጋጁ፣ ሰው ከስራ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩን የሚነካበት ሰዓትና ከራት በኋላ ያለው ጥሩ ነው።

ሰብስክራይበር አትግዙ። 20,000 ሰው ያለበት ቻናል ፖስቱን 90 ሰው ካየው ያስታውቃል፣ ደንበኛም ይሸሻል።

ደረጃ 5፣ ኦርደር ሲመጣ

ቅደም ተከተሉ እንዲ ነው፣ አትቀያይሩት። ደንበኛው «እፈልጋለው» ሲል እሺ ከማለታችሁ በፊት አቅራቢው ጋ ደውሉ። ካለ «ያዝልኝ» በሉ። ከዛ ደንበኛው ጋ በስልክ ደውሉ፣ በቴክስት ብቻ አትጨርሱ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ሚዛን አዘው ነበር፣ 1,300 ብር ነው ዴሊቨሪ 200፣ ነገ ከሰዓት ከ9 እስከ 11 ይደርስልዎታል፣ ቤት ይገኛሉ?» አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ለጨዋታ ያዘዘውን ሰው እዚው ይለይላችኋል፣ ስልክ የማያነሳ ሰው ነገም አያነሳም። ለትልልቅ ሰዎች አንቱ በሉ፣ ዕድሜው ካልገባችሁም በአንቱ ጀምሩ፣ ወጣት ከሆነ ራሱ «አንተ በለኝ» ይላችኋል።

አድራሻ ላይ ጊዜ ስጡ። ድሮ «ከእንትን ሆቴል ፊት ለፊት» ሲባል ያልቅ ነበር፣ አሁን ፒያሳም ካዛንቺስም ፈርሶ እየተሰራ ስለሆነ ሰው የሚነግራችሁ ምልክት ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል፣ ሞተረኛው ዞሮ ዞሮ ይደክመዋል። በቴሌግራም ሎኬሽን ላኩልኝ በሉ፣ ካልቻሉ ቋሚ የሆነ ነገር፣ ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ባንክ፣ ከዛ ሁለተኛ ስልክ።

ክፍያ ደሞ። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ ስላለ አብዛኛው ሰው ይጠቀመዋል፣ ንግድ ባንክም፣ ኤምፔሳም። አዲስ አበባ ውስጥ ሲደርስ መክፈል ይቻላል በሉ፣ ክፍለ ሀገር ግን ሙሉው ቅድሚያ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ከሆነ የዴሊቨሪዋን ብቻ ቀድማችሁ ተቀበሉ፣ 200 ብር የከፈለ ሰው ደጁ ላይ ሀሳቡን አይቀይርም።

የውሸት ስክሪንሾት! እባካችሁ ይሄን በደንብ ያዙት። ከፍያለው ብሎ የሚላክ ፎቶ ክፍያ አይደለም። የባንክ መልዕክት የሚመስል ቴክስትም ከማይታወቅ ቁጥር ይላካል፣ የቴሌብር መልዕክት የሚመጣው ከ127 ነው። ዕቃ ከመልቀቃችሁ በፊት የራሳችሁን አፕ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ፣ የንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን የትራንዛክሽን ቁጥር ከራሳችሁ ሂሳብ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ኔትወርክ ዘግይቶ ከሆነ ደንበኛውን በትህትና «ሲገባ ወዲያው እልካለው» በሉት፣ እውነተኛ ከሆነ ይገባዋል። ሞተረኛው ደጅ ላይ ቆሞም ቢሆን ይደውልላችሁ፣ እናንተ «ገብቷል» ሳትሉ ዕቃው አይለቀቅም። «በስህተት ላኩልህ መልስልኝ» የሚል ሲደውልም ቸኩላችሁ አትመልሱ፣ መጀመሪያ ሂሳባችሁን እዩ።

ደረጃ 6፣ ማድረስ

ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ያለልዩ ፈቃድ አይነዳም፣ ስለዚ ፈቃድ ያለው ሞተረኛ ወይ የዴሊቨሪ ድርጅት ያዙ። አንድ ሁለት ቋሚ ልጅ ይሻላል፣ ሱቁን ያውቀዋል፣ ነጋዴውም ይለምደውና እናንተ ሳትሄዱ ዕቃውን ይሰጠዋል፣ ያኔ ነው ስራው እውነትም ድሮፕሺፒንግ የሚሆነው። እስከዛ ግን የመጀመሪያዎቹን ኦርደሮች ራሳችሁ አንሱ፣ ካርቶኑን ከፍታችሁ አይታችሁ ቴፕ አርጋችሁ ስጡ። የተሰነጠቀ ዕቃ የሚያዘው እዚ ጋ ነው።

ኦርደሮችን በአቅጣጫ ሰብስቡ። የአራት ኪሎ፣ የፒያሳና የስድስት ኪሎው አንድ ላይ፣ የሜክሲኮና የሳሪሱ አንድ ላይ። ዛሬ ካልደረሰ ብለው ለሚጨቀጭቋችሁ ብላችሁ ለአንድ ዕቃ ሞተር አታስነሱ፣ ወይ ደሞ የፈጣን ዋጋ አውጡለት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከሰዓት ስለሚከብድ ጠዋት አድርሱ፣ ዕቃውንም በፌስታል ጠቅልሉ።

ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ ይላካል፣ ሙሉ ክፍያ ከገባ በኋላ፣ የታሸገውን ዕቃ፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና የመላኪያ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ለደንበኛው ላኩለት።

ሲመለስ

ዕቃው ካልሰራ አትከራከሩ፣ ቀይሩ። ያው ይሄ ብር ያስወጣል፣ ግን ቅያሪ ያገኘ ሰው ለጓደኞቹ ይነግራል፣ ያላገኘ ሰው ደሞ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ይሰራል። ጊዜውን ግን ወስኑ፣ ለምሳሌ 3 ቀን፣ ከነጋዴው ጋር ከተስማማችሁት ቀን እንዳይበልጥ። ደንበኛው ያልሰራውን በቪዲዮ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ለነጋዴውም እሱኑ ታሳያላችሁ። ዕቃው ጤነኛ ሆኖ «አልወደድኩትም» ከሆነ ዴሊቨሪውን ደንበኛው ይችላል፣ ይሄም ፒን የተደረገው ፖስት ላይ አስቀድሞ ይፃፍ።

ህጋዊ መሆን

ጥቂት ዕቃ እየሞከራችሁ እያለ ሳይሆን ስራው እንደሚሄድ ሲገባችሁ ቶሎ አስመዝግቡ፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ነገሮች በሙሉ ንግድ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፋይዳ መታወቂያ፣ ቲን ነምበር፣ ከዛ ንግድ ፈቃድ። ምዝገባው ኢትሬድ በሚባለው ሲስተም ኦንላይን ይሰራል፣ ግራ ከገባችሁ የክፍለ ከተማችሁ ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ የትኛው የንግድ መደብ እንደሚሆናችሁ ጠይቁ። ቫት 15 በመቶ ነው፣ ሽያጩ ሲያድግ መመዝገብ ግዴታ ይመጣል፣ ስለዚ ከአቅራቢያችሁ ደረሰኝ መቀበል ከአሁኑ ልመዱ፣ ዋጋው በደረሰኝና ያለደረሰኝ ከተለያየም የደረሰኙን ይዛችሁ አስሉ።

በነገራችን ላይ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የሚባል አለ፣ በኤሌክትሮኒክ መልዕክት የምታደርጉት ስምምነት ህጋዊ ዕውቅና አለው። ቴሌግራም ላይ ለደንበኛ የፃፋችሁት ነገር በህግም ይያዛል ማለት ነው። የደንበኛ ስልክና አድራሻም በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ስር ነው፣ ሊስቱን ለሌላ ሰው አትሽጡ፣ አታከራዩ።

ዌብሳይት መቼ?

ፈቃዱ ሲወጣ፣ በየቀኑ ኦርደር መግባት ሲጀምር፣ ተመሳሳይ ጥያቄ መመለስ ሲሰለቻችሁ። ዎርድፕሬስ በሚባለው የዌብሳይት መስሪያ ላይ ዉኮሜርስ የሚባለው የሱቅ ማሟያ በነፃ ይጫናል፣ የምትከፍሉት ለሆስቲንግ (ዌብሳይቱ ለሚቀመጥበት ቦታ) እና ለዶሜን (ለዌብሳይቱ ስም) ነው። ክፍያ ለመቀበል ቻፓ፣ አሪፍፔይ፣ ሳንቲምፔይ አሉ፣ ደንበኛው በቴሌብርም በባንክም ከፍሎ ለናንተ ይገባል፣ የስክሪንሾቱ ጣጣም ይቀንሳል። ሾፒፋይ ወር በወር በዶላር ነው፣ ለአገር ቤት ገበያ ወጪው አይታየኝም። ዌብሳይት ስላላችሁ ብላችሁ ግን ቻናሉን እንዳትተዉት፣ ሰዉ እዛ ነው ያለው።

ሌላው የሚመጣው ጥያቄ ዕቃ ልያዝ ወይ የሚለው ነው። መዝገባችሁን ተመልከቱ፣ አንዱ ዕቃ በየሳምንቱ አስር አስር እየወጣ ከሆነና የሚመለሰው ትንሽ ከሆነ የሱን አንድ ካርቶን በጅምላ አንሱ፣ ነጋዴው ለካርቶን የሚሰጠው ዋጋ ለአንድ ከሚሰጠው ይለያል፣ ደንበኛም በዛው ቀን ይደርሰዋል። ሌሎቹን እንደበፊቱ በትዕዛዝ ቀጥሉ። ካርቶኑን የምትገዙበት ብር ከትርፉ የወጣ ይሁን፣ ከቤት ኪራይ ወይ ከዕቁብ ብር አይሁን፣ አዲስ ሞዴል ገብቶ የናንተው ቢቆምባችሁ እንኳን የቤት ኪራዩ ቀን ሲደርስ እንዳትጨነቁ።